በድፍርስ ውኃ የኖረችው መስታወት

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር ቆቦ ከተማ በሚገኘው የመስኖና የውኃ ልማት ጣቢያ የውኃ ጥራት መርማሪ ነበርሁ። የሥራ መዘርዝሬ የመጨረሻ መስመር «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል» ይላል። በመንግሥት ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከተቀጠሩበት ሥራ ይልቅ ዕድሜ ልክ የሚታወሰው ብዙ ጊዜ በዚያች መስመር በኩል የሚመጣው ነው። አንድ ማለዳ የጣቢያው ኃላፊ አስጠራኝና ትምህርቷን ውጭ አገር ጨርሳ የተመለሰች ተመራማሪ ወደ እኛ መመደቧን ነገረኝ። የሙከራ ክፍሉ ቁልፍ በእጄ ስለሆነ፣ የአካባቢውን ጉድጓዶች ውኃም ከነጨዋቸው ስለማውቅ፣ ረዳቷ እንድሆን ወስኗል።

«ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው?» አልሁት።

ኃላፊው የምደባ ደብዳቤውን አገላበጠና «ውኃን ልትሰነጥቅ» አለ።

«ውኃን?»

«ጓድ፣ እኔንም እንደ እንጨት አትፍለጠኝ። የተጻፈው ይኸው ነው።»

ዶክተሯ የመጣችው ከደሴ በተነሣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ፣ በጭድ የታሸገ የእንጨት ሣጥን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ታቅፋ ነው። የልብስ ሻንጣዋ ከላይ ከጆንያዎች ጋር ታስሮ አቧራ ጠጥቷል። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት መዳፍ የሚያህሉ ጥቂት መስታወቶች ናቸው፤ በአንድ ፊታቸው ዓይን የማያየው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ተቀብተዋል። የጣቢያው ዘበኛ በዕድሜ የገፉ የራያ ሰው ነበሩ። «ዶክተር» ሲባል ሰምተው በሩን ከመክፈታቸው በፊት ሽርጣቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ።

«እቴ፣ ሐኪም ነሽ አሉ። ይቺን ጉልበቴን ብታያት። ብርድ ነው ይሉኛል፤ ቆቦ ላይ ደግሞ ብርድ የለ።»

«አባቴ፣ እኔ የውኃ ሐኪም ነኝ» አለች እየሣቀች።

«ውኃ ደግሞ ምን ይታመማል?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ኧረ እሱስ፣ የኛ ውኃ ሳይታመም አይቀር። ማንቆርቆሪያውን ሁሉ ኖራ ያለብሰዋል።»

ስለ ውኃው እውነታቸውን ነው። ጉልበታቸውን ግን ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳየሁላቸው።

በዚያው ሳምንት ዶክተሯ ከጎሊና ወንዝ ዳር፣ ውኃው ቀስ ብሎ ከሚተኛበት ጥግ፣ ክር የመሰለ አረንጓዴ ሣር ነቅላ አመጣች። በመስታወት ማሰሮ ነክራ ከክፍሉ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ቀትር ነበር። በቆቦ ቀትር ነገር ሁሉ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍበት ሰዓት ነው፤ የዞብል ተራሮች ግርጌያቸው ይጠፋና ብርሃን ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ሜዳውን የሚያቋርጡ ግመሎች እግር አልባ ሆነው ያልፋሉ። እኛም ሁለት ሰዎች በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ የመንግሥት የሥራ ሰዓት ላይ፣ ሣር እናያለን። ከሣሩ ጫፍ የጤፍ ፍሬ የምታህል የአየር እንክብል ብቅ አለች። ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ተላቃ ወደ ላይ ወጣች። ሌላዪቱ ተከተለቻት። እንደ ክር ዶቃ ተያይዘው ሲወጡ ድምፅ የላቸውም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያን ቀትር ሳስብ የሆነ ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል።

«ምን እየሠራ ይመስልዎታል፣ ጋሼ?»

«ይተነፍሳል።»

«ውኃን እየከፈለ ነው። ያ የሚወጣው አየር ኦክስጅን ነው፤ ውኃው ውስጥ ታስሮ የነበረ። አሁን እኔና እርስዎ የምንተነፍሰው ሁሉ በዚህ መንገድ የወጣ ነው።»

ከዚያ ነገሩን በእኔ አቅም አስረዳችኝ። በውኃ ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በጽኑ ተጋብተዋል። ሰው ሊያፋታቸው ሲፈልግ ብዙ ኃይል ያባክናል። ቅጠል ግን በፀሐይ ብርሃን ብቻ፣ ሳይግል፣ ሳይፈላ ያፋታቸዋል። ምሥጢሩ በቅጠሉ ሆድ ውስጥ ያለች፣ ማንጋኒዝ በሚባል ማዕድን የተሠራች እጅግ ትንሽ ነገር ናት፤ አንዳንድ ሊቃውንት ካልሲየምም አለባት ይላሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ካታሊስት ይሉታል፤ ራሱ ሳያልቅ የሌላውን ሥራ የሚያቃልል ማለት ነው። የዶክተሯ ሐሳብ ያችን የቅጠል ብልሃት አይታ፣ በመስታወት ላይ አምሳያዋን መሥራት ነው። የፀሐይን ኃይል በዚህ መንገድ ማኖር ከተቻለ፣ ነዳጅ በማይደርስበት ሜዳ አንድ ቀን ሞተር ይንቀሳቀሳል ብላ ታምናለች። «አንድ ቀን» የምትለውን ቃል አጥብቃ ነበር የምትናገራት፤ ነገ ነው ብላ አላታለለችንም።

ዘበኛው ከበሩ ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ማፋታት ደግ ሥራ አይደለም፤ አላህም አይወደው» አሉ።

«አባቴ፣ እነዚህ ሲፋቱ ለሰው ይጠቅማሉ።»

«ሁሉም አፋቺ እንዲህ ነው ሚለው።»

ማንጋኒዙን ያገኘነው ከባትሪ ድንጋይ ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በቆቦ አይጣልም ነበር፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ሬዲዮው አንድ ምሽት እንዲያወራ ይለመናል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሞተውን እኔ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት እየዞርሁ ሰበሰብሁ። ሰዉ ቀድሞ «ውኃ ቀማሽ» ይለኝ ነበር፤ አሁን «ባትሪ ቀባሪ» የሚል ተጨመረልኝ። በሆዱ ያለውን ጥቁር ዱቄት ዶክተሯ ደጋግማ አጥባ በአሲድ አሟሟችው፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ጨው ወጣው። መስታወቷን ያ ጨው በሟሟበት ውኃ ነክረን፣ ለጥናቱ በውሰት ከተላከልን የፀሐይ ሰሌዳ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ስንነካት፣ ፊቷ ላይ ደረቅ የቡና ገለባ የሚመስል ስስ ቡናማ ቆዳ ወጣ። ከዚያ በቆቦው ኖራማ ውኃ ውስጥ፣ ጥቂት የመጋገሪያ ሶዳ ጨምረን፣ ከሰሌዳው ሽቦ ጋር እንደታሰረች አስቀመጥናት። የገበታ ጨው እንዳንጨምር ያስጠነቀቅሁ እኔ ነኝ፤ ጨው ከገባ በኦክስጅን ፈንታ ክሎሪን ሊወጣ ይችላልና። ዶክተሯ አንገቷን ነቀነቀች፤ ረዳትነቴ ከቁልፍ ያዥነት ያለፈው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይመስለኛል።

መስታወቷ መተንፈስ ጀመረች። አየሩን በተደፋ የሙከራ ቱቦ አጠራቀምነው። ዶክተሯ የማሽላ አገዳ ስንጥር ለኩሳ እፍ ብላ አጠፋችውና፣ ጫፉ ፍም እንደሆነ ቱቦው ውስጥ አስገባችው። ፍሙ ዓይኑን ገለጠ፤ ነጭ ነበልባል ሆኖ ተነሣ። ያ ቱቦ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ዘበኛው «ሱብሐነላህ» ብለው አገዳውን ከእጇ ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

ነገር ግን ሳምንቱ ሳያልቅ መስታወቷ ሞተች። ቡናማው ቆዳዋ ሳሳ፣ ነጣ፣ ትንፋሿ ተቋረጠ። ሌላ ሠራን፤ እሷም ሞተች።

ኃላፊው ይህን ሲሰማ ሁለታችንንም ቢሮው አስቀመጠን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከበላዩ የሚጠይቁት አሉ። «ጓድ ዶክተር» አላት፣ «ከመስቀል በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ይመጣል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይህች ነገር ትቆያለች ወይስ አትቆይም? ከቆየች ሥራው ይቀጥላል። ካልቆየች የፀሐይ ሰሌዳው ይመለሳል፣ ጥናቱ ይዘጋል፣ እርስዎም ሳሙና ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ይመደባሉ። ደብዳቤው ተዘጋጅቷል።»

ስንወጣ ዶክተሯ ደጃፉ ላይ ቆመች። ዞብል ላይ ጥላው ሲወርድ እያየች፣ «ሳሙና ክፉ ሥራ አይደለም» አለች። «ግን ይህን ጥያቄ እኔ ከተውሁት፣ እዚህ አገር የሚያነሣው ሌላ ሰው አላውቅም። ውጭ አገር ሳለሁ ቅሪ ሲሉኝ፣ አገሬ ፀሐይ አለ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ያለው የበልግ ወራት በትዝታዬ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ነው። ሙሉ ሐሳባችን መስታወቷን ማጠንከር ሆነ። አንዷን በቀጥቃጭ ምድጃ አጠገብ አጋልናት፤ ሁለተኛዪቱን የግራር ሙጫ ቀባናት፤ ሌላዪቱን ቆዳዋን ደጋግመን አወፈርንላት። ሁሉም ለጥቂት ቀን ትተነፍሳለች፣ ሁሉም ትሞታለች። ፀሐይዋ በበረታች ጊዜ ውኃው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ቀለም ይይዛል፤ ሲያድር ድፍርስ ይሆናል። እኔ ደግሞ በየማለዳው ማሰሮውን አጥቤ ንጹሕ ውኃ እሞላለሁ። ይህ የሙያዬ ሕግ ነው፤ ናሙና የሚቀመጥበት ውኃ ንጹሕ መሆን አለበት። ዶክተሯም የተማረችው ይኸንኑ ነው። በዚህ ነገር ሁለታችንም አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርንም።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በምዕራብ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ ወረደ። ቆቦ ሜዳ ላይ ራሱ ብዙ አይዘንብም፤ የሜዳው ገበሬ የሚያርሰው ከተራራው በሚመጣ ጎርፍ ነው። ጎርፉ ከወንዙ ሳያመልጥ በአፈርና በግራር ቅርንጫፍ ክትር ተጠልፎ ወደ ማሽላው ይመለሳል። ለዚህ ሥራ ጥሪ ሲሰማ ማንም አይቀርም። ገበሬው ብቻ አይደለም፤ የገበሬ ማኅበሩ የቢሮ ሠራተኛውንም ይጠራል። ሐዘንተኛ ይወጣል፣ ሙሽራ ይወጣል። ጎርፍ እየመጣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ያጣል።

ጥሪው የመጣው ማለዳ፣ ማሰሮውን ሳላጥብ ነው። ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁ። ዶክተሯ ጫማዋን አውልቃ ተከተለችኝ።

«እርስዎ እንኳ ቢቀሩ ማንም ምንም አይልም» አልኋት።

«ማን ያውቃል፤ ሰላምታ ባጣስ?»

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰዉ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ቅርንጫፍ ይጎትታል። ሥራውን የሚመሩት ሽማግሌ የውኃ አባት ይባላሉ፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ዶክተሯን ከጭቃው መካከል ሲያዩዋት በትራቸውን አነሡ።

«እቴ፣ ሐኪሟ አይደለሽም? ይኼን ጎርፍ መርፌ ውጊልንና ይተኛ!»

«ብወጋው ተኝቶ ይቀርና ማሽላችሁ ምን ሊጠጣ ነው?»

ሰዉ በሣቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፍ ስትጎትት «ተይ» ያላት የለም።

ቀናቱ እንደ ሕልም ናቸው። ቡናማው ውኃ በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ እንደ ብራና ሲዘረጋ፣ ሰማዩ ሁሉ ወደ ማሳው ሲወርድ፣ የማሽላው ቡቃያ በደመና መካከል የበቀለ ይመስላል። ከክትሩ ጎን የጣቢያችን መሥሪያ ቤት እኔ ከመምጣቴ በፊት ያሠራው የሲሚንቶ ግድብ አለ፤ ማለትም ራሱ ብቻ አለ፤ የቀረውን ደለል ውጦታል። ዶክተሯ እሱን እያየች ለምን ክትሩን በድንጋይ አጽንተው እንደማይሠሩት ጠየቀች።

«ያውልሽ ጠንካራው» አሉ የውኃ አባት። «ጎርፉ ሰላም ብሎት በጎን አለፈ። አይ ጓድ ውኃ ቀማሽ፣ የናንተን ሰዎች ማማቴ አይደለም።»

«ቢያሙንም ግድቡ አይሰማም፤ ተቀብሯል» አልሁ።

«ይኼኛው ይፈርሳል። ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ይፈርሳል፤ ማሳው ይድናል። ጎርፉ ሲጎድል ደለሉን ትቶልን ይሄዳል። በዚያው በደለሉ እንደግመዋለን። በየዓመቱ አዲስ ነው፤ ደግሞ የአያቶቻችን ነው።»

ይህን ነገር እኔም ዶክተሯም የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም፤ በቆቦ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነው። ሁለታችንም ሰምተን ቅርንጫፋችንን መጎተት ቀጠልን።

ጎርፉ ጎድሎ ወደ ጣቢያው የተመለስነው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ቁልፉን ስከፍት ዶክተሯ ከኋላዬ ቆማ «አይቸኩሉ፤ የሞተች ናት» አለች። ማሰሮው ውስጥ ያለው ውኃ የጎርፉን ያህል ደፍርሷል። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ በድፍርሱ ውስጥ አንዲት እንክብል ስታበራ አየሁ፤ ወጣች። ሌላዪቱ ተከተለች። መስታወቷን ብድግ ብናደርጋት ቆዳዋ አልነጣም፤ እንዲያውም በአንዳንድ በኩል አዲስ ሆኖ ጠቁሯል። የአገዳው ስንጥር ቱቦው ውስጥ ሲገባ ነደደ።

ዶክተሯ ጭቃ በደረቀበት እግሯ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ የምትናገረውም ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ቅጠል ውኃ የሚከፍልበት አካሉ ጠንካራ አይደለም፤ በብርሃኑ ይጎዳል፣ ይፈርሳል፣ ቅጠሉም ያለማቋረጥ ያድሰዋል። ይህን አንብባ ነበር፤ አንብባ አልፋዋለች። የእኛም መስታወት ስትሠራ ትሟሟለች፤ ያ ሐምራዊ ቀለም፣ ያ ድፍርስ፣ የገዛ ቆዳዋ ነው። ውኃው ውስጥ ከቆየ ኤሌክትሪኩ መልሶ ይለብጥላታል። «እኛ ግን» አለች፣ «በየማለዳው ቆዳዋን እያጠብን ስንደፋባት ነበር። ጠንካራ እንድትሆን ስንደክም፣ የምትታደስበትን ነገር ነሣናት።»

የክትሩ ደለል ገና በእግራችን ላይ ነበር። ሁለታችንም አየነው።

ከዚያ ወዲያ በሁለት ማሰሮ ጎን ለጎን ሞከርን። በአንዱ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል፤ መስታወቷ ትሞታለች፤ ሌላ ትተካለች፤ ያችም ትሞታለች። ድፍርሱ ማሰሮ ግን ነሐሴን አለፈ፣ ዘመን ተለወጠበት፣ መስከረምን ያዘ። የጎደለውን ያህል ውኃ ብቻ እንጨምርለታለን። ዶክተሯ አንዳንድ ቀን ያለ ሥራ መጥታ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር።

የኮሚቴው መምጫ ሲቀርብ ጣቢያው በሙሉ ተነሣ። በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ሲመጣ ድንጋይ ሁሉ ኖራ ይቀባል፤ የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ ይነጣል። ኃላፊው ወደ ሙከራ ክፍላችን ገብቶ ድፍርሱን ማሰሮ አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ይህን ለእንግዳ ልታሳዩ ነው?»

«የሚኖረው እሱ ነው» አለች ዶክተሯ።

«ይኑር፤ ግን ጓዳ ይኑር።»

በመጡበት ዕለት ማለዳ ክፍሉን ስከፍት ሁለቱም ማሰሮዎች እንደ ምንጭ ጠርተው ያበራሉ። ዘበኛው በጥበቃ ክፍሉ በሚቀመጠው ትርፍ ቁልፍ ገብተው ቤቱን ጠርገዋል፣ ማሰሮውን አጥበዋል፣ መስታወቷን ወደ ንጹሕ ውኃ መልሰዋል። ማንም አላዘዛቸውም። እንግዳ ሊመጣ ድፍርስ ውኃ ፊት ለፊት ማስቀመጥ በቆቦ ነውር ነው፤ ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበራቸውም። ዶክተሯ ገብታ አየችና ወደ ዘበኛው ዞረች።

«አባቴ» አለች በዝግታ፣ «የነበረውን ውኃ የት ደፉት?»

ዘበኛው ተቆጡ። «ውኃ ይደፋል እንዴ? የማን አገር ሰው ነሽ አንቺ! ጀሪካን ውስጥ ነው፤ ለፓፓያዋ ብዬ።»

ሮጠን ወጣን። ግማሹን ፓፓያዋ ጠጥታዋለች። ግማሹ ግን፣ ከነዝቃጩ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ነበር። ቆላ ያደገ ሰው ውኃ አይደፋም፤ ያ ልማድ ያን ማለዳ ባይኖር ይህን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም።

ጀሪካኑን ይዘን ስንገባ ኮሚቴው ከኃላፊው ጋር በር ላይ ደረሰ። ሁለቱም የጠሩ ማሰሮዎች በፀሐዩ ይተነፍሳሉ፤ ለዓይን እጅግ ያማሩ ናቸው። ኃላፊው ወደ ዶክተሯ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ተዉት፤ እንዲህ ይዩት፤ ለአንድ ሰዓት ነው» አላት። እውነቱን ነበር። በጠራው ውኃ ብታሳያቸው አይተው፣ አድንቀው፣ ፈርመው ይሄዱ ነበር። ሳሙና ፋብሪካውም ይቀርላት ነበር።

ዶክተሯ ድፍርሱ ከነበረበት ማሰሮ ንጹሑን ውኃ ባልዲ ውስጥ ገለበጠችና፣ በሁሉም ፊት ድፍርሱን ሞላችው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጓድ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቷ ነው። ዛሬ ሁለቱም ይሠራሉ፤ በዛሬው አይፍረዱ። ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ ጉድጓዶች እየሄዳችሁ ነው ተብሏል። ከእናንተ አንድ ባለሙያ እዚህ ይቅር፤ ቁልፉን ይያዝ፤ የአንዱን ውኃ በየማለዳው እርሱ ራሱ ይለውጥ፣ ሌላውን አይንካ። ስትመለሱ ያገኛችሁትን ጻፉ።»

«ይህ መሣሪያ ስንት ሄክታር ያጠጣል?» አሉ ሰብሳቢው።

«አንድም።»

ኃላፊው ዓይኑን ጨፈነ። ሰብሳቢው ግን መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና፣ «ቢያንስ ውሸት አልነገሩንም» ብለው አንድ ባለሙያ ትተው ሄዱ።

እነሱ እስኪመለሱ ድረስ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው በትክክል አላስታውስም። ቁልፉ በእጃችን ስላልነበረ የምንሠራው ነገር አልነበረም። ዶክተሯ በሜዳው ላይ ትሄዳለች፤ ማሽላው ከቁመቷ በላይ ሆኖ ነበርና ከሩቅ የምናየው አገዳው ሲወዛወዝ ብቻ ነው። እኔ ግማሹ ውኃ ይበቃት ይሆን እያልሁ አስባለሁ፤ በልቤ ያለው ልኬትና ሒሳብ ሁሉ አይበቃም ይለኛል።

ኮሚቴው ሲመለስ ባለሙያው ክፍሉን ከፈተ። በጠራው ማሰሮ ውስጥ ያለችው መስታወት ነጥታ ባዶ ሆናለች፤ አንዲት እንክብል እንኳ የላትም። በድፍርሱ ውስጥ መጀመሪያ ምንም አልታየም። ሰብሳቢው ጎንበስ አሉ፤ ሁላችንም ጎንበስ አልን። ከዚያ ወጣች፤ ትንሽ፣ ክብ፣ የማትቸኩል። ቀጥላ ሌላዪቱ። ዶክተሯ ስንጥሩን ለሰብሳቢው ሰጠቻቸው፤ ራሳቸው ለኩሰው፣ ራሳቸው አጥፍተው፣ ራሳቸው ቱቦው ውስጥ አስገቡት። ነበልባሉ በመነጽራቸው ላይ ሁለት ሆኖ በራ። ዘበኛው ከበሩ ሆነው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሰብሳቢውም ሳያስቡት «ይመስገን» ብለው መለሱ።

ውሳኔው የደረሰን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ኃላፊው ሁላችንንም ሰብስቦ፣ ቆሞ አነበበው። ጥናቱ ለመስኖ ሥራ ለጊዜው ቀጥተኛ ጥቅም እንደሌለው ይገልጻል፤ ሆኖም መስታወቷ በገዛ ውኃዋ ውስጥ እየታደሰች መቆየቷ በኮሚቴው ፊት መረጋገጡን ይመሰክራል። ስለዚህ ጥናቱ በማዕከላዊው ቤተ ሙከራ እንዲቀጥል፣ ዶክተሯም ወደ ፋብሪካ መመደቧ ቀርቶ ለዚሁ ሥራ ወደዚያ እንድትዛወር፣ የፀሐይ ሰሌዳውና ዕቃው አብሯት እንዲላክ ተወስኗል። የጣቢያው የውኃ ጥራት መርማሪ የአሠራሩን ሂደት በጽሑፍ አዘጋጅቶ እንዲያስረክብ ታዟል፤ አዘጋጅቼ አስረክቤአለሁ፤ ሳይመለስ፣ ሳይታረም ተቀባይነት አግኝቷል። የውሳኔው ደብዳቤ የተፈረመው ኅዳር 21 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።